ርእሰ አንቀጽ፦ ሕግ ለመማር ለሚያስቡ

«ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ከክፍል ውጭ ምን ልዘጋጅ?» የሚል ጥያቄ ከአዲስ ገቢ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዘንድ በየጊዜው ይደርሰናል። ባሕር ማዶ ያሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹን በክርክር ማኅበር መሳተፉንና በጎ ሥራ መሥራቱን ይጠይቁታል። በእኛ አገር ግን ተማሪውን በዋናነት የሚያስመድበው ነጥቡ ነውና፣ ብዙው ሰው ከክፍል ውጭ ያለውን ዝግጅት እንደ ትርፍ ነገር ይቈጥረዋል። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም።

ባለፈው ሰሞን ጥቂቶቻችን እዚሁ ደብረ ማርቆስ ችሎት ለመስማት ሄደን ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ባላገር መጥሪያ ይዘው ቀረቡንና «ልጆቼ፣ ይህች ወረቀት ምን ትላለች?» አሉን። ነገሩ የእርሻ ወሰን ክርክር ነበር። ከመካከላችን የሕግ ተማሪ የሆነው ተቀብሎ አነበበና «የመከላከያ መልስዎን ይዘው ይቅረቡ ይላል፣ አባቴ» አላቸው። ሽማግሌውም ደንገጥ ብለው «መከላከያ? ምነው ልጄ፣ ወታደር ደግሞ በእኔ እርሻ ምን አገባው?» አሉ። ጓደኛችን ነገሩን በእንግሊዝኛ አሳምሮ ያውቀዋል፤ በአማርኛ ለማስረዳት ግን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ያስረዱልን ከበሩ ላይ የተቀመጡ አንድ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ስቀን ተመለስን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቈየም።

የሕግ ትምህርታችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የክልላችን ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቁት፤ 3367 ቍጥሮቹም ወደ አማርኛ ተመልሰው በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። የፌዴራል ሕጎች ዛሬም በሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይታተማሉ። ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው እንደ ሆነ አዋጅ ቍጥር 3/1987 ደንግጎአል። ታዲያ የሚጸናውን ቃል ሳያነብ የሚመረቅ ሰው ለማን ጠበቃ ሊሆን ነው?

ለዚህ ዝግጅት ከጎጃም የተሻለ ቦታ እምብዛም የለም። ዲማና ዋሸራ በቅኔ የታወቁ ናቸው፤ የአንድን ቃል ሰምና ወርቅ ለይቶ ማየት በዚያ የዕለት ሥራ ነው። የቀድሞው ተሟጋችም ከዛፍ ሥር «በላ ልበልሃ» እያለ ሲከራከር ኖሮአል። (የድሮውን ሙግት ሁሉ ማወደሳችን አይደለም፤ አንደበተ ርቱዑ ምስኪኑን ሲረታበት መኖሩም አይካድም።)

ስለዚህ ሕግ የሚያስብ ተማሪ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጧት እንኳ ቢሆን፣ ከምሥራቅ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎት ገብቶ ቢያዳምጥ ይበጀዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመዳኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ጉዳዩ በዝግ ካልታየ በቀር አድማጭ የሚከለክል የለም። ስልክን መዝጋት፣ ዳኛ ሲገባ መነሣት፣ ባለጉዳይ ሲሳሳት አለመሣቅ ነው።

የሕግ መምህሮቻችንን ደግሞ የምንለምነው አለን። የልምምድ ችሎቱ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ከሚሆን፣ በየመንፈቀ ዓመቱ አንዱ በአማርኛ ይሁንልን፤ ሌላ ክፍል የሚማሩትም መጥተው ይስሙ።

ማኅበሩ ለጊዜው አንድ ወፍራም ደብተር ከጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኑሮአል። በችሎት ሰምታችሁ ያልገባችሁን ቃል ከነቀኑ ጻፉበት፤ መምህራንም ሲያልፉ ፍቺውን ቢያክሉበት ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።