ለሪሳይክል የሰጠነው ስክሪን ሆንግ ኮንግ ምን ይሠራል?

በዚህ ሳምንት ቪዲዮአችን ላይ ሰዓት አጥሮን የዘለልናቸውን ነጥቦች ዘርዘር አድርገን በጽሑፍ ይዘንላችሁ መጥተናል። ጥያቄው አጭር ነው፦ የተበላሸ ቴሌቪዥን፣ የሞተ ላፕቶፕ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ከቤታችን ከወጣ በኋላ የት ይገባል?

እኛ ሲያትል የምንኖር ሰዎች ሁለት መልስ አለን። አንደኛው «ሪሳይክል ሰጥቼዋለሁ» ነው። ሁለተኛው «አገር ቤት ያሠሩታል» ብሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ነው። ሁለቱም ህሊናን ያሳርፋሉ። ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስታሉ። አንድ ዕቃ ቶሎ ቆሻሻ መሆን አለመሆኑ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ፋብሪካ ውስጥ ሲነደፍ ነው።

እዚሁ ሲያትል የሆነው

ዋሽንግተን ስቴት በዚህ ጉዳይ ቀድመው ከነቁት አንዷ ናት። ኢ-ሳይክል ዋሽንግተን የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር፣ ሞኒተርና ታብሌት ከነዋሪው በነፃ ይቀበላል። ወጪውን የሚሸፍኑት አምራቾቹ ናቸው። ወረቀት ላይ ግሩም ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ከፕሮግራሙ ትልልቅ ሥራ ተቀባዮች አንዱ ቶታል ሪክሌም የሚባል የሲያትል ድርጅት ነበር። አደገኛ ዕቃ ወደ ውጭ አልልክም፣ በጥንቃቄ እፈታዋለሁ ብሎ ለደንበኞቹ ቃል ገብቷል። ባዝል አክሽን ኔትወርክ የተባለው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ሲያትል ያለው ተሟጋች ድርጅት ግን አሮጌ ሞኒተሮች ውስጥ የጂፒኤስ መከታተያ ደብቆ አስገባ። መከታተያው ሆንግ ኮንግ ደርሶ ተገኘ። ሰዎች ሄደው ሲያዩ ሠራተኞች ያለ መከላከያ ስክሪን ይሰባብራሉ።

ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው ከ2008 እስከ 2015 ድረስ ከ8.3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ፣ ማለትም ከ3,700 ቶን በላይ፣ ሜርኩሪ ያለበት ጠፍጣፋ ስክሪን በድብቅ ተልኳል። ሰነድም ተጭበርብሯል። ሁለቱ ባለቤቶች ጥፋታቸውን አምነው በኤፕሪል 2019 እያንዳንዳቸው 28 ወር እስራት ተፈረደባቸው።

ለምን ላኩት?

ስግብግብነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ውሸትም አይደለም። ግን ስክሪኑን ራሱን እንየው። የዚያን ጊዜ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ብርሃን የሚያገኙት ከኋላ ከተደረደሩ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ነበር። ቱቦዎቹ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ሳይሰበሩ ለማውጣት ብሎኑን አንድ በአንድ መፍታት፣ ክፍሉን አንድ በአንድ ማንሳት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው፤ ከውስጥ የሚገኘው ብረትና ፕላስቲክ ደግሞ የጉልበቱን ዋጋ አይሸፍንም። አጭበርባሪው ክፍተት ያገኘው እዚህ ጋ ነው።

በኋላ አምራቾች ወደ ኤልኢዲ መብራት ሲዞሩ ግን የሜርኩሪው ቱቦ ከአዳዲስ ስክሪኖች ውስጥ ጠፋ። ከ28 ወር እስራት ይልቅ የዲዛይን ለውጡ በለጠ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ!

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2024 ያወጡት ሪፖርት እንደሚለው ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች። ከዚያ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ ሪሳይክል መደረጉ በሰነድ የተረጋገጠው 22.3 በመቶው ነው። በዚህ አያያዝ መጨረሻውን ብቻ እየጠበቁ መጥረግ የትም አያደርስም።

የቻርጀሩ ነገር

የሁላችንም ቤት አንድ መሳቢያ አለ አይደል? የኖኪያ ቻርጀር፣ የሳምሰንግ፣ የድሮ አይፎን፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ላፕቶፕ ገመድ። አውሮፓ ውስጥ በ2009 አካባቢ ከ30 በላይ ዓይነት የስልክ ቻርጀር ነበር። ያኔ ኩባንያዎቹ በፈቃዳቸው እንዲስማሙ ተጠየቁ። ዓይነቱ ቀነሰ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አንድ አልሆነም። የአውሮፓ ኅብረት በመጨረሻ ሕግ አወጣ፤ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ስልክ በዩኤስቢ-ሲ መሞላት አለበት። አፕል የጋራ ስታንዳርድ ፈጠራን ይገድላል ብሎ ሲከራከር ቆይቶ በ2023 አይፎን 15ን በዩኤስቢ-ሲ አወጣ። ፈጠራውም አልሞተም።

ሕጉ የወጣው ብራስልስ ነው፤ ጥቅሙ ግን ሲያትልም አዲስ አበባም ደረሰ። ምክንያቱም ኩባንያ ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ቀዳዳ ያለው ስልክ መሥራት አያዋጣውም።

የመጠገን መብት

አሁን ተራው የእኛ ስቴት ነው። ገዥው ቦብ ፈርጉሰን በሜይ 2025 የፈረሙት የመጠገን መብት ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ አምራቾች መለዋወጫ፣ መሣሪያና የጥገና መመሪያ ለባለቤቱና ለግል ጥገና ቤቶችም እንዲያቀርቡ ያዛል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን መለዋወጫን በሶፍትዌር ከአንድ ስልክ ጋር ማሰርን መከልከሉ ነው። አንድ ባለሙያ ደህናውን ስክሪን ከሞተ ስልክ አውጥቶ ሌላ ላይ ሲገጥም ስልኩ «አላውቀውም» ብሎ አንዳንድ አገልግሎት የሚዘጋው በዚህ ዘዴ ነው። ኦሪገን ቀድማ ከልክላዋለች።

ጎረቤታችን ማይክሮሶፍት ለዋሽንግተን የመጠገን መብት ድጋፍ ከሰጡት አንዱ ነው፤ ይመሰገናል። ያው ማይክሮሶፍት ግን በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ለጊዜው ማራዘሚያ ቢኖርም፣ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የማያሟሉ ብዙ ደህና ኮምፒውተሮች አሉ። ካናሊስ የተባለ የገበያ ጥናት ድርጅት በዚህ ሳቢያ እስከ 240 ሚሊዮን ኮምፒውተር ዋጋ ሊያጣ ይችላል ብሎ ገምቶ ነበር። ብሎኑ ተፈትቶ ሶፍትዌሩ ከተቆለፈ ምን ዋጋ አለው?

አገር ቤትስ ምን አገባው?

በጣም ያገባዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ሪሳይክል ምን እንደሆነ ሲያትል መጥቶ አይማርም። እዚያ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ማሰሮ ይሆናል። የሞባይል ጠጋኞቻችንም ሦስት የሞቱ ስልኮችን አገጣጥመው አንድ የሚሠራ ያወጣሉ። የቸገራቸው እውቀት አይደለም። የታሰረ መለዋወጫ፣ በሙጫ የተጣበቀ ባትሪ፣ እኛው ከአካውንታችን ሳናስወጣ የላክነው ስልክ ነው ያስቸገራቸው። ዲኮድ ተደርጎም የማይከፈት ስልክ፣ እዚያ ሲደርስ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ቆሻሻ ይሆናል።

ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ናት። አሜሪካ በ1990 ፈርማ እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም። ይህን ክፍተት የግለሰብ ሻንጣ አልፈጠረውም፤ ግን ከእኛ በኩል የምንችለውን እናድርግ፦

ስልክ ወይም ላፕቶፕ ከመላካችሁ በፊት ከአካውንታችሁ አውጡት፣ ኔትወርኩንም አስከፍቱ። የማይሠራውን «ይሞክሩት» ብላችሁ አትላኩ፤ ላኪው ካላወቀ ተቀባዩ በምን ያውቃል?

ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ አስጭናችሁ ለተማሪ ስጡ፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል።

ባትሪ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ። ሲያትል ከ2024 ጀምሮ ከልክላዋለች፤ እሳት ያስነሳል።

ሻጩ «አይጠገንም፣ አዲስ ግዛ» ካላችሁ፣ አዲሱን ሕግ ጠቅሳችሁ መለዋወጫ ጠይቁ። ማንም የማይጠቀምበት ሕግ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻ፣ የኦሎምፒያ እንደራሴዎቻችን ስለ ቤት ኪራይና ስለ ታክስ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ሲጠየቁ መስማት እንፈልጋለን። እዚህ የሚወጣ ሕግ ነገ መርካቶ ያለው ጠጋኝ እጅ ላይ የሚወድቀው ስልክ መከፈት አለመከፈቱን ይወስናል። እናንተስ መሳቢያችሁ ውስጥ ስንት ቻርጀር አለ? ቆጥራችሁ ንገሩን። ቸር እንሰንብት!