የክትባት ካርዱን ትምህርት ቤት ይጠይቅ

የምዝገባ ወቅት ሲደርስ ወላጅ ምን ምን ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል፦ የልደት ሰርተፍኬት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የወላጅ መታወቂያ፣ ልጁ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ከሆነ መሸኛ። ጤና ጣቢያ የሰጠው የክትባት ካርድ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። መኖር አለበት እላለሁ። ጤና ባለሙያ በየቤቱ ዞሮ የሚፈልጋቸውን ልጆች ወላጆቻቸው ራሳቸው እጃቸውን ይዘው የሚያመጧቸው በምዝገባ ቀን ነውና፣ ይህን አጋጣሚ በየዓመቱ ማሳለፍ ለእኔ ሊገባኝ የማይችል ብክነት ነው።

በ2011 ዓ.ም የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ላይ ከነበሩት ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን አሟልተው የወሰዱት 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። 19 በመቶዎቹ አንድም ክትባት አልወሰዱም። ይህ አኃዝ ሲጠቀስ የጨቅላዎች ጉዳይ ይመስለናል። እነዚያ ጨቅላዎች ግን አድገዋል፤ ዛሬ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የደረሱ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው ዘግይቶ የተከተበ፣ በዘመቻ የተገኘም አለ። ያልተገኘውን ማን ይፈልገዋል? የመደበኛ ክትባት ዋና ዋና ቀጠሮዎች በስድስት፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በዘጠኝና በ15 ወር ናቸው፤ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ ሴት ልጅ ለማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ እስክትደርስ ድረስ፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ጨርሶ፣ ካርዱን አምጣ የሚለው የለም።

ኩፍኝን ብቻ እንይ። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው ክትባት የሚከላከለው ከተከተቡት 85 በመቶ ለሚሆኑት ነው። የቀሩትን ለመሸፈን የታሰበው ሁለተኛው ክትባት ወደ መደበኛው መርሐ ግብር የገባው በ2011 ዓ.ም ነው። በሽታው እንዳይዛመት ከ100 ሰው 95ቱ ሁለቱንም መውሰድ አለባቸው፤ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ያልተከተበ ልጅ ብቻውን አይታመምም። ኩፍኝ በበጋው ወራት ይበረታል። በነሐሴና በመስከረም ካርድ ማየት ማለት ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት ጥቂት ወራት ማግኘት ማለት ነው።

«ዕድሜው አልፏል፣ አሁን ምን ያደርግለታል?» የሚለው አስተሳሰብ ከሁሉም የከፋ እንቅፋት ይመስለኛል። የኩፍኝ ክትባት ለትልቅ ልጅም ይሰጣል። የተቋረጠ ክትባት ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከአንድ አይጀመርም። ሰባት ዓመት ላለፈው ልጅ ለሕፃናት የሚሰጠው ፔንታቫለንት የተባለው ክትባት ቢቀርም፣ መንጋጋ ቆልፍንና ዘጊ አናዳን የሚከላከለው ቲዲ አለለት። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲያውም ሕፃን ሳሉ በሚገባ ለተከተቡት ጭምር በአራትና በሰባት ዓመት መካከል፣ ደግሞም በዘጠኝና በ15 ዓመት መካከል የማጠናከሪያ ክትባት ይመክራል። ሁለቱም ልጆች ትምህርት ቤት የሚውሉባቸው ዕድሜዎች ናቸው። እርግጥ ጤና ጣቢያው ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ክትባት አስቀድሞ ካልያዘ ልጁን መላክ ዋጋ የለውም፤ የጤናና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከምዝገባ በፊት መነጋገር ያለባቸው ለዚህ ነው።

ካርድ የጠፋበት ወላጅ ብዙ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ልጁ የተከተበበት ጤና ኬላ መዝገብ ካለው ይታያል፤ ከሌለ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይከተባል፤ የኩፍኝን ክትባት ደግሞ መውሰድ ጉዳት የለውም። መምህራን ሥራ ይበዛባቸዋል የሚለውም ቢሆን የሚከብድ አይደለም፤ መምህሩ ስም ይመዘግባል፣ ካርዱን የሚያነበው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ካርድ የሌለው ልጅ ከትምህርት ገበታ ይባረር ይሆን? በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት እዚያ ሁሉም ግዛቶች ለትምህርት ቤት መግቢያ ክትባት ይጠይቃሉ፤ ያላሟላ ልጅ ሊታገድ ይችላል። ነገር ግን እዚያ የጤና መድን ለሌለው ልጅ ክትባቱ በመንግሥት ወጪ ይቀርባል። ጤና ኬላው የግማሽ ቀን መንገድ ለሚርቀው የገጠር ልጅ ያንን እገዳ ወስዶ መጫን ድህነቱን ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው። ስለዚህ ካርዱ ይጠየቅ፣ ልጁ ግን ይመዝገብ፤ የጎደለው ተጽፎ ለጤና ጣቢያ ይተላለፍ፣ ባለሙያዎችም ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ይከትቡ።

ይህ የማይሆን ምኞት አይደለም። የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር ዋናው መስጫ ቦታ ትምህርት ቤት ነበር። መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ የተናፈሰውም በዚሁ ክትባት ላይ ነው። ወሬው መሠረት የለውም፤ ሆኖም ወላጅ ሳይነገረው ልጁ ተወግታ ብትመጣ መጠርጠሩ አይፈረድበትም። ከክትባቱ በፊት ወላጆችን ሰብስቦ ጥያቄያቸውን መመለስ ከሥራው ተለይቶ ሊታይ አይገባም።

ትምህርት ቤት ግን ለሁሉም ልጅ አይደርስም። በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው አካባቢዎች ያሉ ልጆች በዚህ መንገድ አይገኙም፤ የቤት ለቤት ሥራው ለእነሱ ሲባል መቀጠል አለበት።

ወላጆች ሆይ፣ መመሪያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ከምዝገባ በፊት የልጃችሁን ካርድ ከተቀመጠበት አውጥታችሁ በአቅራቢያችሁ ላለ ጤና ጣቢያ አሳዩ፤ ካርዱ ባይኖርም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። መደበኛ ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጠው በነጻ ነው።