የፈረምነው ውል ቅጂው የት ነው?

በምዝገባ ሰሞን ከሬጅስትራር መስኮት ፊት ተሰልፈን ከምንሞላቸው ወረቀቶች አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል፤ የእናት ስም ይጠየቅበታል፤ በመጨረሻም ይፈረምበታል። ይኸውም የወጪ መጋራት ውል ነው። አብዛኞቻችን ከኋላ ያለው ሰልፈኛ እየገፋን፥ ብዕር ከጎረቤት ተውሰን፥ ሳናነበው ፈርመን አስረክበናል። ቅጂው በእጁ ያለ ተማሪ ካለ እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለብዙ ዘመን በመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ በኋላ የሚከፍለው የትምህርት ዕዳ አልነበረበትም። ይህ ልማድ የተለወጠው የወጪ መጋራት ሥርዓት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል ነው። ደንቡ ሲወጣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሸፍን ተወሰነ። አከፋፈሉም ከምረቃ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ፥ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። በመምህርነት የሚሠማሩ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል። ዕዳውን ያልጨረሰ ምሩቅ ዋናውን የዲግሪ ወረቀት ለመውሰድ ሲሄድ ምን እንደሚባል ቀድመውን የወጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያውቁታል።

ደንቡን በጅምላ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ድሀው ገበሬ በሚከፍለው ግብር የተማረ ሰው፥ ደመወዝ ሲይዝ ከፊሉን ይመልስ ማለት አግባብ የሌለው ነገር አይደለም። የምንቃወመው ተበዳሪው የዕዳውን ልክ ሳያውቅ መፈረሙን ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። በ22 ብር ምን ዓይነት ወጥ ይሠራ እንደ ነበር የቀመሰ ያውቀዋልና፥ ጭማሪው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተማሪው የምግቡን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል የሚለው ቃል እንዳለ የሚሠራ ከሆነ፥ በዓመት ዐሥር ወር፥ ማለት 300 ቀን፥ የሚመገብ ተማሪ የምግብ ዕዳው ከ6,600 ብር ወደ 30,000 ብር ወጣ ማለት ነው። በአራት ዓመት 120,000 ብር ይደርሳል። ለስሌት ያህል በወር 10,000 ብር ደመወዝ የሚያገኝ ምሩቅ 1,000 ብር እየከፈለ ምግቡን ብቻ ለመጨረስ ዐሥር ዓመት ይፈጅበታል፤ መኝታውና ትምህርቱ ገና አልተነኩም። ይህ ስሌታችን ስሕተት ሊሆን ይችላል። ውሉ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ከሆነ ደስ ይለናል። ያስቸገረን ግን ቁጥሩን የሚያሳየን ማጣታችን ነው።

ካፌ ከመመገብ ይልቅ ገንዘቡን በእጁ መቀበል የሚመርጠው፥ «ነን ካፌ» የምንለው ወገናችንም ይህን ልብ ሊለው ይገባል። የኪስ ገንዘብ ችግር ጽኑ ነው፤ ለፎቶ ኮፒ፥ ለሳሙና፥ ለታክሲ የሚሆን ሳንቲም ከቤት የማይላክለት ብዙ ነው። ስለዚህ በወር የሚመጣው ብር እንደ ድጎማ ይታየዋል። ነገር ግን ያ ብር ብድር ነው፤ በዓይነት የተበላውም በገንዘብ የተቀበሉትም በአንድ ውል ላይ ይጻፋል። ክፍያው የዘገየ ወር ደግሞ በሰፈሩ ሱቅ ዱቤ ይገባል፤ በዚህም አንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይደረባል። ለፎቶ ኮፒና ለሳሙና የሚሆነውን በተመለከተ በአንዳንድ ዶርም የተጀመረው ዕቁብ የተሻለ መንገድ ይመስለናል። ስድስት ሰው በሳምንት 50 ብር ቢጥል 300 ብር ይሆናል፤ ዕጣው ሳይወጣ በስምምነት ለተቸገረው ማስቀደምም ይቻላል። መጽሐፍ አይገዛ ይሆናል፤ የሴሚስተሩን ማባዣ ግን ይችላል።

ስለዚህ ማኅበራችን አስተዳደሩን የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። የዓመቱ ሒሳብ፥ ምግቡ፥ መኝታውና ትምህርቱ በየራሱ ተለይቶ፥ ከምዝገባው ቀን አስቀድሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለፈራሚው ሁሉ ቅጂ ይሰጠው። ሥርዓቱ ከተጀመረ ወዲህ ከተመረቁት መምህራኖቻችን ብዙዎቹ ይህንኑ ወረቀት ፈርመው ያለፉ ናቸውና፥ በተለይ የሕግና የኢኮኖሚክስ መምህራን አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጥተው ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ ቢያስረዱን ትልቅ ውለታ ይሆንልናል።

እስከዚያው ግን የውሉ ቅጂ ያለው ተማሪ ስሙን ሸፍኖ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያሳይ። ከዓመት ዓመት የተጻፈውን ሒሳብ አስተያይተን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።