ቀላዋጩን በስሙ ጥሩት

ሳይጠራ ሰርግ ገብቶ፣ ጥሬ ሥጋውን ቆርጦ፣ ጠጁን ጨልጦ ሲያበቃ «ወጡ ቅቤ አንሶታል» የሚለውን ሰውዬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ቀላዋጭ ወጥ ያውቃል» የተባለው ለእሱ ነው። መቀላወጥ የሰው ማዕድ እያሸተቱ መዞር ነው። ቀላዋጭ ቤቱ እንጀራ አያጣም፤ ከኪሱ ሲወጣ ነው የሚያመው።

እንዲህ ያለ ልክክ የሚል ስም እያለ ካድሬዎቻችን ምን ነክቷቸው «ጥገኛ»ን መረጡ? በኢሕአዴግ ዘመን ስብሰባ የተቀመጠ ሰው «ኪራይ ሰብሳቢ» እና «ጥገኛ» ሲደረደሩ ጆሮው ደንቁሯል። የጤና መጽሐፉም የአንጀት ትሉን «ጥገኛ» ይለዋል። ይሄ ያንገበግበኛል! ጥገኛ ማለት እኮ የተጠጋ፣ ጥግ የያዘ ነው። አሳዳጅ ያለበት ሰው ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ደርሶ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ጥገኝነት አይደለም? ታዲያ ነፍሱን ሊያተርፍ የሸሸውን ሰው፣ ከሀገር ካዝና ከሚመዘብረውና ከወስፋት ጋር በአንድ ስም የምንጠራው በየትኛው ፍርድ ነው?

በእርግጥ በቃል ላይ ግፍ የጀመርነው እኛ አይደለንም። «ጥገኛ» ብለን የተረጎምነው «ፓራሳይት» ከግሪክ የመጣ ነው፤ ግሪኮቹ «ፓራሲቶስ» ሲሉ ከእህል አጠገብ የሚቀመጥ ማለታቸው ነበር፤ በጥንቷ አቴንስ በመቅደስ ማዕድ የሚካፈል የተከበረ ሰው ነው። ኋላ የቀልድ ተውኔት ጸሐፊዎቹ የባለጠጋ ገበታ ላይ የሚያሽቃብጥ ሆዳም አደረጉት፤ ስሙም በዚያው ቀረ።

ቃሉ መንግሥት እጅ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1961 በሰው ላብ የሚኖሩ «ጥገኞች» ናቸው ያለቻቸውን የሚያስቀጣ አዋጅ አወጣች። በ1964 ሌኒንግራድ ላይ ገጣሚውን ዮሲፍ ብሮድስኪን በዚሁ ክስ አቁማ 5 ዓመት ግዞት ፈረደችበት። ግጥም መጻፍና መተርጎም ሥራ አይደለም ተባለ! ሰውዬው በ1987 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ከሳሾቹ ግን ደመወዛቸውን እየበሉ ነበር፤ ማን የማንን ላብ እንደበላ እናንተው ፍረዱ።

ስለዚህ ባለማይክሮፎኖች ሆይ፣ «ጥገኛ»ን ለተሰደደው ተዉለት። ላልሄደበት ጉዞ አበል የሚፈርመውን፣ በመንግሥት ነዳጅ ቅዳሜና እሁድ የሚንሸራሸረውን፣ በሰው ድካም ላይ ስሙን የሚለጥፈውን አለቃ ግን ፊት ለፊት ቀላዋጭ በሉት።