የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ሥልጠና፦ ፋይዳው የሚለካው በአንባቢው ዘንድ ነው

ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣ ተገልጋይ የሚፈልገውን ጽሑፍ በመደርደሪያ ላይ ባያገኝ እንኳ በየት በኩል ሊገኝ እንደሚችል የሚያመለክተው ባለሙያው ነው። በዚህም ምክንያት ባለሙያዎች በዓለም አቀፍ መርሐ ግብሮች የሚያገኙት ሥልጠና የሠልጣኙ የግል ዕድል ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ዋናው መመዘኛ ሠልጣኙ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ለአንባቢው ምን ተረፈው የሚለው ነው።

በቤተ መጻሕፍት ዘርፍ የሚደረገው ዓለም አቀፍ ትብብር ረጅም ዕድሜ አለው። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1927 በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ ተመሥርቶ ዛሬ መቀመጫውን በኔዘርላንድስ ሄግ አድርጓል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሞርተንሰን ማዕከል ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልዩ ልዩ ሀገራት የሚመጡ ባለሙያዎችን ተቀብሎ ያሠለጥናል። ፌዴሬሽኑ ኦሲኤልሲ ከተባለው ድርጅት ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው መርሐ ግብርም በማደግ ላይ ባሉ ሀገራት በሙያው ጅማሬ ላይ ለሚገኙ ባለሙያዎች የሳምንታት ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል።

እነዚህ መርሐ ግብሮች የሠልጣኞችን ዕውቀት ማስፋታቸውና የሙያ ትስስር መፍጠራቸው አያጠያይቅም። ሆኖም ሁለት ድክመቶች በተደጋጋሚ ይታዩባቸዋል። አንደኛው ገንዘቡን የሚሰጠው አካል ሲያቆም መርሐ ግብሩም አብሮ መቆሙ ነው። ለዚህም የቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ሲያካሂድ ቆይቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የዘጋው የቤተ መጻሕፍት ድጋፍ መርሐ ግብር ማሳያ ነው። ሁለተኛው ዕውቀቱ ከተቋሙ ይልቅ ከሰውዬው ጋር መቅረቱ ነው። ሠልጣኙ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ወይም የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ሥራውን ሲለቅ፣ የተማረው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

የዚህ ጉዳት በተግባር እንዴት እንደሚገለጽ ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ዓለም አቀፍ ትብብር በግልጽ ያሳያል። ሂናሪ የተሰኘው የጤና ክፍሉ በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2002፣ አጎራ የተሰኘው የግብርና ክፍሉ ደግሞ በምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት በ2003 ተጀምረዋል። ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በነፃ ከሚያገኙ ሀገራት መካከል ናት። በመሆኑም የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማት፣ የማስተማሪያ ሆስፒታሎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሌላው ዓለም በከፍተኛ ክፍያ የሚነበቡ የሳይንስ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላሉ። ነገር ግን አገልግሎቱ የሚሰጠው ለግለሰብ ሳይሆን ለተመዘገበ ተቋም ነው፤ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው። ይህ ባለሙያ ተተኪ ሳያሠለጥን ከለቀቀ ተቋሙ በስም ተመዝግቦ ይቀራል፤ ሐኪሙና ተመራማሪው ግን በነፃ የቀረበላቸውን ዕውቀት ማግኘት ይሳናቸዋል።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የተሻለ ውጤት ያሳየው ሥልጠናውን ወደ ሀገር ውስጥ ተቋም ማምጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ከኢትዮጵያ አልፎ የሌሎች የአፍሪካ ሀገራትን ባለሙያዎች በሁለተኛ ዲግሪ እንዲያስተምር ታስቦ የተመሠረተ ነበር። ትብብሩ ጥቂት ሰዎችን ወደ ውጭ ከመላክ ይልቅ በየዓመቱ ባለሙያ የሚያፈራ ተቋም ተከለ። መቀመጫውን በጋና አክራ ያደረገው የአፍሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ኅብረትም የአህጉሪቱን ባለሙያዎች በአህጉሪቱ ውስጥ የማሠልጠንን መንገድ ተከትሏል።

ሌላው ዘላቂ ውጤት በሕግና በፖሊሲ የሚገለጸው ነው። የኢትዮጵያ አካዳሚክና ምርምር ቤተ መጻሕፍት ኅብረት ለቤተ መጻሕፍት የኤሌክትሮኒክ መረጃ አቅርቦት ከሚሠራ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ባደረገው ትብብር ዕውቀት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ሲሠራ ቆይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ያጸደቀው ብሔራዊ ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የተሠሩ የምርምር ጽሑፎች በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ ገብተው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. የተቀላቀለችው የማራኬሽ ስምምነትም ዓይነ ስውራንና የኅትመት ጽሑፍ ለማንበብ የሚቸገሩ ሰዎች በብሬይል፣ በድምፅ ወይም በሌላ ተደራሽ መንገድ የተዘጋጁ መጻሕፍትን እንዲያገኙ፣ እነዚሁም ቅጂዎች ከሀገር ሀገር እንዲተላለፉ የሚፈቅድ ነው። የባለሙያው ሥልጠና ሳይኖር እነዚህ ሰነዶች በወረቀት ላይ ይቀራሉ፤ ፖሊሲና ስምምነት በሌለበት ደግሞ የሠለጠነው ባለሙያ እጁ የታሰረ ይሆናል።

ትብብሩ የአንድ ወገን ተቀባይነት ብቻ እንዳልሆነም ማስተዋል ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊ ደራሲ የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ይህን የማያውቅ የውጭ ካታሎግ ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ» በሚለው ሥር ሲመዘግብ፣ አንባቢው ደራሲውን ሊያጣው ይችላል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመበት 1958 ዓ.ም.ም አቆጣጠሩ ሳይገለጽ ከተመዘገበ መጽሐፉ ከታተመበት ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተመዘገበውን እንዳያጣ በአንድ ድምፅ የሚነበቡትን ፊደላት እንደ አንድ የሚቆጥር የፍለጋ ሥርዓትም ያስፈልጋል። እነዚህን ጉዳዮች በዓለም አቀፍ መድረክ ሊያስረዳ የሚችለው ፊደሉንና ባህሉን የሚያውቀው ባለሙያ ነው። ውጤቱም በውጭ ሀገር ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጽሐፍ ለሚፈልጉ የዲያስፖራ አባላት ጭምር ይተርፋል።

ከዚህ በመነሣት ተገልጋዮች ከቤተ መጻሕፍት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። በጤና፣ በግብርና ወይም በሌላ የምርምር ዘርፍ የተሰማሩ ሰዎች ተቋማቸው በሪሰርች ፎር ላይፍ መመዝገቡንና የይለፍ ቃሉን የያዘው ክፍል የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይችላሉ። ተማሪዎችና ሌሎች አንባቢዎች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተሠሩ ጥናቶችን በዲጂታል ማከማቻው አማካይነት እንዴት እንደሚያገኙ ማብራሪያ መጠየቅ ይችላሉ። ዓይነ ስውራን ተገልጋዮችም በማራኬሽ ስምምነት መሠረት ተደራሽ ቅጂ ሊገኝ ስለሚችልበት ሁኔታ ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ።

ተቋማትም በበኩላቸው ባለሙያ ለሥልጠና ሲልኩ፣ ከተመለሰ በኋላ የሥራ ባልደረቦቹን እንዲያሠለጥን፣ የተማረውን በጽሑፍ እንዲያስቀርና የአገልግሎት ቁልፎችን በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይይዝ አስቀድመው መወሰን ይኖርባቸዋል። ሠልጣኙ ይዞት የተመለሰው የምስክር ወረቀት የእርሱ ነው፤ ዕውቀቱ ግን የአንባቢውም እንዲሆን የማድረግ ኃላፊነት የላከው ተቋም ነው።