መኪናን ማስፋት ከመቁረጥ አይጀምርም

አሮጌ መኪና ከአባቱ የወረሰ ወይም በርካሽ የገዛ ወጣት፣ ከደመወዙ ጥቂት መቆጠብ እንደ ጀመረ የሚያስበው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ይኸውም ጎማውን ሰፊ ማድረግ፣ ጎማው ሲሰፋም ከአካሉ ወጥቶ ስለሚታይ ፓራፋንጎውን ማስፋት ነው። በውጭ አገር ይህ ሥራ የተስፋፋው በውድድር ሜዳ ነው። የእሽቅድምድም መኪኖች ጎማ እየሰፋ ሲሄድ የውድድሩ ደንብ ጎማው መሸፈን አለበት ስለሚል፣ ሠሪዎቹ ላሜራውን በመዶሻ ወደ ውጭ ያወጡት ጀመር። በእኛም አገር በጠጠር መንገድ ለሚሄድ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያልተሸፈነ ጎማ ድንጋይ እያነሣ በራሱ በር ላይና በኋላው መኪና መስተዋት ላይ ይወረውራል።

የላሜራ ሥራ ጉልበት ላለው ሰው ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ብዙ ነው። ለዚህ አሳብ መልስ የምትሰጥ መንደር በድሬዳዋ አጠገብ አለች። ከከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐርላ ናት። በእርሻው መካከል የሚታየውን ትልልቅ ድንጋይ ያነሡት ጥንት የነበሩ ግዙፋን ሰዎች ናቸው ሲል የአካባቢው ሰው ሲተርክ ኖሯል። ነገር ግን የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ቆፍረው እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓለም ያስታወቁት ነገር ሌላ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፣ ከየመን፣ ከማልዲቭና ከቻይና የመጣ ዕቃ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረ የግብፅ ገንዘብ፣ እንዲሁም ብርና ነሐስ እየሠሩ ጌጥ ያወጡ የነበሩ ባለሙያዎች የሥራ ቦታ ተገኘ። የተቀበሩትም ሰዎች ቁመታቸው እንደኛው ቁመት ነበር። ሐርላን ያቆመው እንግዲህ የግዙፋን ክንድ ሳይሆን የተራ ሰው እጅና ልኬት ነው።

ድሬዳዋ ራሷም የብረት ሠራተኞች ልጅ ናት። ምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ከተማይቱ ከነባቡር መጠገኛዋ ተወለደች። በዚያ የጥገና ቤት ውስጥ የመጋዝ፣ የሞረድ፣ የብየዳና የቅጥቀጣ ሙያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲተላለፍ ኖረ። በሌላው አገራችን ግን ብረት ቀጥቃጭን መናቅና መስደብ ልማድ ስለ ነበር፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ከስድቡ እንዲታቀብ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዛሬም ቢሆን ብዕር የለመደ እጅ መዶሻ ሲይዝ የሚያፍር አይጠፋም። አንባቢያችን ከዚህ ወገን ከሆነ በመጀመሪያ ማስፋት ያለበት ፓራፋንጎውን ሳይሆን አሳቡን ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ሁሉም መኪና እኩል አይመችም። ቮልስዋገን፣ እኛ ቮልስ የምንላት፣ አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሰሩ ስለ ሆኑ አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መሥራት ይቻላል። በሐረርና በድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆኖ ያገለገለው ፔጆ 404 ግን የተለየ ነው። ከፊት ያለው በብሎን ይፈታል፤ የኋላው ግን ከአካሉ ጋር አንድ ሆኖ የተበየደ ነው። በዚያም ላይ ከውጭው ላሜራ በስተውስጥ ሌላ የጎማ ቤት ላሜራ አለ፤ ሁለቱ ጠርዝ ለጠርዝ የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ የፔጆን የኋላ ክፍል የሚያሰፋ ሰው ሁለቱንም ላሜራ ቆርጦ ሁለቱንም መልሶ ማገናኘት አለበት። የውጭውን ብቻ አውጥቶ የውስጡን ክፍት የተወ ሰው አቧራና ውሃ የሚያጠራቅም ኪስ ሠርቶ ይተዋል፤ ዝገቱም ከዚያ ይነሣል።

የመጀመሪያው መሣሪያ መጋዝ አይደለም፤ ሜትርና ካርቶን ነው። አስቀድሞ የሚፈለገው ቸርኬና ጎማ ይገጠም። ከዚያ አራት ጎልማሶች መኪናው ላይ ይቀመጡና መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ይዙር። ጎማው የሚነካበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጎ ከዚያ በላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት መተው ነው። ምን ያህል ሣንቲ ሜትር እንደሚሰፋ የሚወስነው ይህ ልኬት እንጂ የጓደኛ ምክር አይደለም። ከዚህ በኋላ በቀጭን ካርቶን የአንዱ ወገን ቅርጽ ይወጣል። ያው ካርቶን ተገልብጦ በሌላው ወገን ይለካል፤ ግራና ቀኝ እኩል የሚሆነው በዚህ ዘዴ ነው። በዓይን ግምት ሁለት ፓራፋንጎ እኩል ያደረገ ሰው ጥቂት ነው።

ላሜራው ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ብረት ይሁን። ለጣራ የሚሆነውን ቆርቆሮ ርካሽ ነው ብሎ የሚወስድ አለ፤ ይህ አደገኛ ነው። የቆርቆሮው ልባስ ዚንክ ስለ ሆነ ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ያመጣል፤ ብየዳውም ጥሩ አይዝም።

ጠፍጣፋውን ላሜራ ጎባጣ ማድረግ የሥራው ዋና ጥበብ ነው። ጠንካራ የቆዳ ከረጢት በአሸዋ ሞልቶ አፉን አጥብቆ መስፋት ነው፤ አሸዋ ደግሞ በደቻቱ ወንዝ ዳር ለድሬዳዋ ሰው አይቸግርም። ላሜራው ከረጢቱ ላይ ተቀምጦ በእንጨት መዶሻ መካከሉ ሲመታ ብረቱ ይሳሳና ይለጠጣል፤ የተለጠጠው መሄጃ ሲያጣ ወደ ታች ይጎብጣል። ኀይለኛ ምት እንደ ሳህን ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል፤ ስለዚህ ምቱ ቀላል፣ ብዛቱ ግን ብዙ ይሁን። ከጥቂት ምት በኋላ እየተነሣ ከካርቶኑ ጋር ይመዛዘን። ቀጥሎም ለስላሳ ብረት ከስር እየደገፉ በመዶሻ ማስተካከል ይመጣል።

ብየዳው ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው የሰባት ቀን ሥራውን በሰባት ደቂቃ ያበላሻል። ቀጭን ላሜራ በሙቀት ይጣመማል። ስለዚህ በመጀመሪያ በየሦስት ሣንቲ ሜትሩ በነጥብ ብቻ ማያያዝ፣ ከዚያም ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለሉና እያቀዘቀዙ ክፍተቱን መሙላት ነው። ብየዳው ሞርዶ ካለቀ በኋላ ስቱኮ ይቀባል፤ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። ወፍራም ስቱኮ የመጥፎ ቅጥቀጣ መሸፈኛ ነው፤ በኮረብታው መንገድ ወደ ሐረር ጥቂት ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ ይሰነጠቃል። በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ዝገት መከላከያውን ከውጭም ከውስጥም መቀባት ይገባል።

አደጋውን ሳንናገር አንለፍ። ባትሪው ሳይፈታ፣ በኋላ በኩል ከተሠራም የቤንዚን ታንኩ ወልቆ ሳይርቅ እሳት መለኮስ ሕይወትን አስይዞ ቁማር መጫወት ነው። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል፤ በውስጡ የቀረው እንፋሎት ነውና። የብየዳ መነጽርና ሌላ ሰው አጠገብ መኖሩም የግድ ነው። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ መጠን ኩሽኔታው በቶሎ እንደሚያልቅና መሪው እንደሚከብድም መታወቅ አለበት።

ሌላም ነገር አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ስላለ፣ በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ የሚቀርብ መኪና አካሉ ከመለወጡ በፊት የከተማውን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ቆርጦ ከመጠየቅ ጠይቆ መቁረጥ ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለው አሮጌ መኪና በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር ያሸነፈ መኪና ነው፤ በእኛም ከተሞች የስንቱን ሙሽራና የስንቱን በሽተኛ ተሸክሟል። ያልተነካ አካል የያዘ 404 በእጁ ያለ ሰው የኋላውን ሊቆርጥ ሲነሣ፣ መልሶ የማይመጣ ነገር እንደሚቆርጥ ይወቅ።

ስለዚህ የእኛ ምክር ይህ ነው። ከአሮጌ ብረት ነጋዴ አንድ የተጣለ ፓራፋንጎ በጥቂት ብር ይገዛ። ማስፋቱ በእርሱ ላይ ይሞከር፤ አንዴ ቢበላሽ ሁለተኛ ይሞከር። ሦስተኛው ሲያምር በብሎን ይታሰር፤ የመኪናው ዋና ፓራፋንጎ ግን ተጠርጎና ተቀብቶ ከአልጋ ሥር ይቀመጥ። ሰውየው አሳቡን ቢለውጥ ወይም መኪናውን ለልጁ ቢያወርስ ሁለቱንም ያገኛል። እጁ የለመደው ቅጥቀጣ ግን በወር ደመወዙ ላይ ተጨማሪ እንጀራ ሊሆነው ይችላል።