ሲፈለግ የሚለቅ ሙጫ
እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ ቤቶች የተስፋፋው በራሱ የሚጫወት ፒያኖ፣ ዜማው በተበሳበት ጥቅል ወረቀትና አየር ሲሳብ በሚታጠፉ ትንንሽ ወናፎች ይሠራል። የወናፎቹ ጨርቅ ከእንጨቱ ጋር የሚያያዘው በሙጫ ነው፤ ጨርቁም ሲያረጅ መለወጡ አይቀርም።

ነጩ ኮላ ማሞቅ ስለማያሻው ያጓጓል። ይሁን እንጂ በእንጨቱ ውስጥ ሠርጎ ስለሚደርቅ፣ በሚቀጥለው ጥገና ጥንታዊውን እንጨት መፋቅ ግድ ይሆናል። ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራው ሙጫ ግን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቆ ይቀባል፤ ከደረቀ በኋላም በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል። እርግጥ፣ እርጥበት በበዛበት ስፍራ ይኸው ባሕርዩ ድክመት ይሆንበታል።

ቢሆንም የዛሬ ጥገና ለነገው ጠጋኝ እንቅፋት መሆን የለበትም ብለን እናምናለን። ስለሆነም ለጥንታዊ መሣሪያ የቆዳውን ሙጫ እንመርጣለን።